ቦታው ከመልሱ ጋር ካልተገናኘ ፍጥነቱን ለምን ይለውጣል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላነበቡ ሰዎች በአጭሩ ልድገመው። ተሳታፊዎችሽ ቀይ ካሬ ሲያዩ የቀኙን ቁልፍ፣ አረንጓዴ ሲያዩ የግራውን ይጫናሉ። ካሬው በስክሪኑ ግራም ቀኝም ይወጣል፤ የወጣበትን ቦታ እንዳይቆጥሩት ተነግሯቸዋል። ሆኖም ቀዩ በቀኝ በኩል ሲወጣ ይፈጥናሉ፣ በግራ ሲወጣ ይዘገያሉ። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ነው ወይስ የግራና የቀኝ አንጎል ጉዳይ ነው ብለሻል።

ፕሮግራምሽ ደኅና ነው። ያገኘሽው በሥነ ልቦና የሳይመን ክስተት የሚባለውን ነው። ሳይመንና ሩዴል በ1967 ያሳዩት በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነበር። «ቀኝ» ወይም «ግራ» የሚለውን ቃል በአንድ ጆሮ ብቻ እያሰሙ በቃሉ መሠረት ቁልፍ አስጫኑ፤ «ቀኝ» የሚለው በግራ ጆሮ ሲመጣ መልሱ ዘገየ። በካሬና በቀለም ሲሠራ ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ስለሆነ አንቺ ያገኘሽው የ24 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት የሚያስደነግጥ አይደለም።

የአንጎሉን ነገር ለመፈተሽ ተሳታፊዎቹ እጃቸውን ያመሳቅሉ፤ ቀኝ እጅ የግራውን ቁልፍ፣ ግራ እጅ የቀኙን ይያዝ። ምክንያቱ ምልክቱ ከአንዱ የአንጎል ክፍል ወደ ሌላው መሻገሩ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ እጁን ተከትሎ ይገለበጥ ነበር። አይገለበጥም፤ የሚከተለው ቁልፉ ያለበትን ቦታ ነው። መሻገሩ ራሱ የሚወስደው ጊዜ እንዲህ ባለ ልዩነት ፊት ኢምንት ነው።

እኔ እንዲህ ያለ ሙከራ ሳካሂድ ከስክሪኑ ይልቅ ጣቶቹን ማየት እመርጣለሁ። ቀይ ካሬ በግራ ብቅ ሲል አንዳንዴ የግራው ጣት ቁልፉን ነካ አድርጎ፣ ሳይጫነው ይመለስና ቀኙ ይጫናል። ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው «ትክክል፣ ግን ዘገምተኛ» ብሎ ብቻ ነው። በእጅ ጡንቻ ላይ ኤሌክትሮድ ለጥፈው የለኩ ተመራማሪዎችም ይህንኑ የታፈነ ጅማሬ መዝግበዋል። ካሬው የወጣበት ቦታ በዚያው በኩል ያለውን እጅ ሳይጠየቅ ይቀሰቅሳል፤ ቀለሙን ለይቶ ደንቡን ማስታወስ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። መዘግየቱ የሚመጣው ሁለቱ ሲጋጩ ነው።

ከሁሉ የምወደው የሥነ ልቦና ተመራማሪውን የሆመልን የ1993 ሙከራ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫን በተቃራኒው በኩል መብራት ይበራ ነበር። ለተሳታፊዎቹ «ቁልፉን ተጫኑ» ሲባል የተለመደው ውጤት መጣ። «መብራቱን አብሩ» ሲባሉ ግን፣ እጁም ቁልፉም ያው ሆኖ፣ ፍጥነቱ የመብራቱን ቦታ ተከተለ። ስለዚህ ለተሳታፊዎችሽ የምትናገሪው መመሪያ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ይሁን።

አማካሪሽ ያነሱት፣ ትኩረት ወደ አንድ ቦታ እንዴት እንደሚሄድ የሚፈትሸው የፖስነር ጥናት ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ዒላማው ከመምጣቱ በፊት ቦታውን የሚጠቁም ምልክት አለ፤ ያንቺ ሙከራ ግን ቅድመ ጥቆማ የለውም። ሁለቱን በአንድ ምዕራፍ አታደባልቂያቸው።

ወደ ዳታሽ ስንመጣ፣ በአማካይ ብቻ አትርኪ። የእያንዳንዱን ሰው መልሶች ከፈጣኑ እስከ ዘገምተኛው በአምስት ክፈያቸው፤ እንዳንቺ ባለ አግድም አቀማመጥ ልዩነቱ በፈጣኖቹ ላይ ሰፍቶ በዘገምተኞቹ ላይ ሲጠብ ታያለሽ። ቀጥሎም ከእያንዳንዱ ካሬ በፊት የወጣውን ካሬ ተመልከቺ። ቦታና ቁልፍ ከተቃረኑበት ካሬ በኋላ ልዩነቱ በጣም ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ቅደም ተከተሉ በደንብ ካልተቀላቀለ አማካይሽ ያታልልሻል።

የቁልፍ ሰሌዳው መዘግየት ብዙም አያስጨንቅሽ፤ በሁለቱም ሁኔታ ላይ እኩል ስለሚደመር ልዩነቱን አይፈጥረውም። ይልቅ ካሬዎቹ ከመካከለኛው የመስቀል ምልክት እኩል መራቃቸውን በማስመሪያ ለኪ፤ ከዓይን ትኩረት የራቀ ነገር በራሱ ምላሽን ያዘገያል። ለግማሾቹ ተሳታፊዎችም ቀዩን የግራ፣ አረንጓዴውን የቀኝ ቁልፍ አድርጊላቸው፤ አለበለዚያ ገምጋሚው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህንን ነው።