ካርዳችሁን ከተቀበላችሁ በኋላ

ውድ ልጆቼ፣

ሰኔ ተጋምሶ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሲያልቅ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅም ሆነ በወልድያ የምትማሩ ሁሉ ልባችሁ ካርድ መቀበያው ቀን ላይ እንደሚያርፍ አውቃለሁ። እኔ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍሁት ከወሎ ውጭ፣ በካቶሊክ ወንድሞች፣ ማለትም ለማስተማር በተሰለፉ የካቶሊክ ገዳማውያን፣ በሚተዳደር የወንዶች ትምህርት ቤት ነው፤ አሁን በጡረታ ወደ ደሴ ተመልሼ የጎረቤቶቼን ልጆች ካርድ እያየሁ እመርቃለሁ። ደስታችሁ ደስታዬ ነው። ይሁንና ያን ካርድ ለእጃችሁ ያበቁትን ሰዎች የማመስገን ነገር በየዓመቱ እንደ ዋዛ ሲታለፍ ስለማይ ይህን ደብዳቤ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

በወላጆች በዓል የሚነበበውን ሪፖርት አስታውሱ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ይጠራሉ፣ ዋንጫ ያመጡት ይጨበጨብላቸዋል፣ ስለ አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ወይም ስለታደሰው አጥር ይነገራል፤ በመጨረሻ «መላው የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ላደረገው አስተዋጽኦ ምስጋና እናቀርባለን» ተብሎ ወረቀቱ ይታጠፋል። ለሁሉም የተባለ ምስጋና ለማንም አይደርስም። ሰው መመስገኑ የሚታወቀው ምን እንደሠራና ያ ሥራ ለማን እንደጠቀመ በስሙ ተጠርቶ ሲነገረው ነው፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ አስቀድሞ ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙዎቻችሁ ሮስተር፣ ማለትም የክፍሉን ተማሪዎች ሁሉ ውጤት የያዘው ሰንጠረዥ፣ እንዴት እንደሚሞላ አይታችሁ አታውቁም። ፈተናው ታርሞ ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ መምህር የትምህርቱን ውጤት ለክፍሉ ኃላፊ ያስረክባል፤ ኃላፊውም የስድሳና የሰባ ልጅ ውጤት በየትምህርቱ ገልብጦ፣ ደምሮ፣ አካፍሎ ደረጃ ያወጣል። በእኛ ጊዜ ይህ በእጅ ይሠራ ስለነበር አንዱ መምህር ማስመሪያውን ከስሙ ሥር አስጠግቶ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው በጣቱ እየተከተለ ያመሳክር ነበር፤ የአንድ ልጅ ሒሳብ ስልሳ ስምንት መሆኑ ቀርቶ ሰማንያ ስድስት ተብሎ ቢገባ የብዙ ልጆች ደረጃ ይዛባልና፣ ድምሩ አልገጥም ያለ እንደሆነ ከመጀመሪያው ስም እንደገና ይጀመራል። ዛሬ ኮምፒውተር ድምሩን ቢያቀልለውም ማረሙና ማመሳከሩ አሁንም የሰው ዓይን ይፈልጋል። በካርዳችሁ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ቁጥር የሰው ምሽት አለባት።

ስለ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ሲነገር ሥርዓታቸውና ንጽሕናቸው ይወደሳል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የእኛ ትምህርት ቤት ወንድሞች መሥራች ለመምህር የሰጡትን ቦታ ነው። የወንድሞቹን ማኅበር የመሠረቱት ቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ዴ ላ ሳል በፈረንሳይ አገር በሬንስ ከተማ በ1651 እ.ኤ.አ. ከባለጸጋ ቤተሰብ የተወለዱ ካህን ናቸው። የድሆችን ልጆች ማስተማር የተናቀ ሥራ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ በ1681 እ.ኤ.አ. መምህራኑን በገዛ ቤታቸው አስገብተው በአንድ ማዕድ አብረዋቸው ይበሉ ጀመር፤ ዘመዶቻቸው ይህን እንደ ውርደት ቆጥረው ቢቆጡም እርሳቸው አልተመለሱም። በ1950 እ.ኤ.አ. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ቅዱስ ብለው ሰየሟቸው።

ይህ ለወሎ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ በሐይቅ እስጢፋኖስ ሲያስተምሩ ከደቀ መዛሙርቶቻቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንደነበሩ ይታወቃል። የዋድላ ቅኔ ቤት ተማሪ ለየኔታው እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፤ በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት በዳናና በጀማ ንጉሥ የተማሩ ደረሶችም ለሸኾቻቸው እንዲሁ ይታዘዙ ነበር። በቤተ ክህነቱም በመስጊዱም መምህርን ማክበር በእጅ የሚሠራ ነገር ነበር። ከእናንተ ያን ያህል አይጠበቅም፤ ጥቂት ቃላት ይበቃሉ።

በካርዱ ላይ የማይፈርሙትንም አትርሱ። በሠራሁበት ትምህርት ቤት የሪከርድ ክፍል ኃላፊ የነበሩ አንዲት የከሚሴ ሴት ነበሩ። ከብዙ ዓመት በፊት ትምህርቱን ጨርሶ የሄደ ጎልማሳ ትራንስክሪፕት ፍለጋ ተጨንቆ ሲመጣ «አብሽር ልጄ፣ የትም አይሄድም» ይሉና መሰላሉን አስጠግተው ወጥተው፣ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ማኅደሩን ያወርዱለታል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወሎ በደረሰ ጊዜ ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘርፎና ፈርሶ እንደነበር ያየ ሰው፣ የተማሪ ማኅደር ተጠብቆ መገኘቱ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ወንበርና መጽሐፍ በሌለበት ክፍል ገብተው እንደገና ያስተማሩትንም መምህራን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ የእነርሱ ምስጋና ገና አልተከፈለም።

ስጦታን በተመለከተ የምለው አለኝ። ሮስተር ሳይዘጋ ለመምህር የሚሰጥ ስጦታ፣ በቅን ልቡና እንኳ ቢሆን፣ መምህሩን ያስጨንቃል፣ ሰጪውንም ያስጠረጥራል። በየክፍሉ የሚሰበሰበው መዋጮም የሌለውን ልጅ አንገት ያስደፋል። ስለዚህ ካርዱ እስኪሰጥ ጠብቃችሁ፣ በግማሽ ገጽ ወረቀት ጻፉ፤ «ጎበዝ አስተማሪ ነዎት» ከማለት ይልቅ «ክፍልፋይ ሲያቅተኝ በእረፍት ሰዓት አስቀርተው አስረዱኝ፤ አሁን ለታናሽ እኅቴ እኔ አስረዳታለሁ» ብትሉ መምህሩ ያን ወረቀት አይጥለውም። የዓለም መምህራን ቀን ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ መስከረም 25 አካባቢ ይከበራል፤ ያን ጊዜ ግን ተማሪው አዲሱን መምህር ገና በቅጡ አያውቀውም፣ ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለዚህ የሚስማማው ወር ሰኔ ነው።

ወረቀቱን ሁለት አድርጋችሁ ጻፉት፤ አንዱን ለመምህሩ በእጁ፣ ሌላውን ለርእሰ መምህሩ ስጡ፣ በግል ማኅደሩ ውስጥ እንዲቀመጥለትም ጠይቁ። መምህራኑ ለክረምት ትምህርት ወደየዩኒቨርሲቲው ሳይበተኑ ይህን ብትፈጽሙ መልካም ነው። ጥበቃዎቹ ክረምቱንም በሩ ላይ ስለሚሰነብቱ፣ ለእነርሱ ሐምሌ ውስጥ ብትሄዱም ታገኟቸዋላችሁ።