ስለ ትላልቅ የጉበት ቀዶ ሕክምናዎች ውጤት መለኪያ፦ ጥያቄና መልስ ከደሴ

የደሴና የኮምቦልቻ የጤና ባለሙያዎች በየወሩ በምናካሂደው የጥያቄና መልስ ዝግጅት፣ በዚህ ወር መልስ የሚሰጡን ደሴ ላይ ለረጅም ዓመታት ቀዶ ሕክምና የሠሩና ያስተማሩ አንጋፋ ሐኪም ናቸው። ርእሱ የትላልቅ የጉበት ቀዶ ሕክምናዎች ውጤት በምን ይመዘናል የሚለው ነው።

መልስ ሰጪው፦ ከመጀመራችን በፊት ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። የታካሚ ስም፣ የካርድ ቁጥር ወይም የሲቲ ስካን ፎቶ እዚህ አይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ታሕቱን ሳትነግሩኝ ፐርሰንት አትንገሩኝ። በልጅነታችን የተማርነው ላዕይና ታሕት ከዚህ ርእስ በላይ የሚያስፈልግበት ቦታ አላውቅም።

ሬዚደንቱ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ዶክተር። «ትልቅ» የሚባለው የጉበት ቀዶ ሕክምና የትኛው ነው? ኪስት ማውጣትንም የሚጨምሩ አሉ።

መልስ፦ ፈረንሳዊው ኩዊኖ ጉበትን ሰግመንት በሚባሉ 8 ክፍሎች ከፍሎታል። ከእነዚህ 3 ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ሲወጣ ትልቅ እንለዋለን። መግል ማፍሰስና የሃይዳቲድ ኪስት (የኮሶ ዓይነት ትል የሚፈጥረው ውኃ የቋጠረ ከረጢት) ማውጣት የራሳቸው መዝገብ ይኑራቸው። እነዚህን ከታሕቱ ጋር የሚደባልቅ ሰው ውጤቱን ያሳመረ ይመስለዋል እንጂ የሚያታልለው ራሱን ነው።

የኮምቦልቻው ሐኪም፦ በዓለም ላይ ተቀባይነት ያለው የውጤት ደረጃ አለ ወይ? ካለስ ከየት መጣ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። በ2016 እ.ኤ.አ. ከዙሪክ የተመራ አንድ ጥናት የ12 ማዕከላትን መረጃ ሰብስቦ፣ ከጉበታቸው ከፍለው ለሌላ ሰው የሰጡ 5,202 ሕያው ለጋሾችን ውጤት መረመረ። ለጋሽ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ለጋሽ ጤነኛ ሰው ስለሆነ ዕጢ፣ የጉበት ጠባሳ ወይም የኬሞቴራፒ ጉዳት አይኖርበትም። ስለዚህ በእርሱ ላይ የሚታየው ውጤት የቀዶ ሕክምናው የራሱ ዋጋ ነው። ከዚያም የየማዕከሉን መካከለኛ ዋጋ በቅደም ተከተል ደርድረው 75ኛው ፐርሰንታይል ላይ መስመር አሰመሩ። ከማዕከላቱ ሦስት አራተኛው ሊያሟላው የቻለውን ነገር ሌላውም ሊያሟላው ይገባል ማለታቸው ነው። ከ100 ለጋሾች 12ቱ ቢያንስ አንድ ችግር ገጠማቸው፤ ከባድ የሚባለው ግን ከ100 በ4ቱ እንኳ አልደረሰም፤ ከ5,202ቱ የሞተው አንድ ሰው ነው። በአንድ ዓመት ክትትል ውስጥ የችግር መጠን ከ31 በመቶ፣ የችግሮቹን ክብደት አንድ ላይ የሚመዝነው ሲሲአይ የሚባለው ጥቅል ነጥብ ደግሞ ከ33 እንዳይበልጥ ወሰኑ። ከባዶቹ ችግሮች በብዛት የሐሞት መፍሰስና የደም መፍሰስ ነበሩ፤ የቀኝ ጉበት ሲወጣም በእጥፍ ይጨምሩ ነበር። የቀኙንና የግራውን ለይታችሁ መዝግቡ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጦሳ ሁለት፦ ይቅርታ ዶክተር፣ ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? የእኛ ታካሚ ሄፓታይተስ ቢ ጉበቱን ጠባሳ ካደረገው በኋላ፣ ዕጢው በእጅ ሲዳሰስ ነው የሚመጣው። ከጤነኛ ለጋሽ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሰመመን ሰጪዋ፦ ወንድሜ፣ መስመር ከሌለ ደግሞ ሁሉንም ነገር «ታካሚው ዘግይቶ መጣ» በሚል እንሸፍነዋለን። ዘግይቶ የመጣው ታካሚ ነው፤ ከሆዱ ፈሳሽ የሚያወጣውን ቱቦ፣ ድሬኑን፣ ሳናይ ያደርነው ግን እኛ ነን።

ጦሳ ሁለት፦ ድሬን ያላየ ሰው አልጠቀስኩም።

ሰመመን ሰጪዋ፦ እኔም ማንንም አልጠቀስኩም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል፤ እዚህ ላይ ይብቃ። የለጋሾቹ ቁጥር ሊደረስበት የሚችለውን ከፍታ ያሳያል እንጂ የእያንዳንዱ ሆስፒታል ፈተና ማለፊያ አይደለም። ጤነኛ ጉበት ከ20 እስከ 25 በመቶው ቢቀር ሰውየውን ያኖረዋል፤ ጠባሳ ለበዛበት ጉበት ግን 40 በመቶ ገደማ መትረፍ አለበት። እንግዲህ ሁለቱን በአንድ ዓምድ የሚደምር መዝገብ ምንም አይናገርም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የጉበቱን ሁኔታና የሚተርፈውን መጠን ጻፉ፤ ጦሳ ሁለት ያነሡት ቅሬታ መልስ የሚያገኘው በዚያ ነው።

የፒያሳው ልጅ፦ ጥሩ የሚባለው የሞት መጠን ስንት በመቶ ነው?

መልስ፦ ከስንት ታካሚ? በየትኛው ቀን? በምን ዓይነት ጉበት ላይ? ጥያቄውን አሟልተው ይመለሱ።

ነርስ ከቀዶ ሕክምና ክፍል፦ ሞትን በ30 ቀን እንቁጠር ወይስ በ90? ሪፖርታችን ላይ ያለው «ከሆስፒታል ሲወጣ» የሚል ብቻ ነው።

መልስ፦ እኅቴ፣ የዛሬው ሁሉ ጥያቄ ቢሰረዝ ይህ ብቻ ቢቀር ደስ ይለኝ ነበር። በ90 ቀን ቁጠሩ። ትልቅ የጉበት ቀዶ ሕክምና የሚገድለው ቀስ ብሎ ነው፤ የተረፈው ጉበት ሥራውን መሸከም ሲያቅተው ሰውየው ቢጫ እየሆነ፣ ሆዱ ውኃ እየቋጠረ፣ በመጨረሻም ኢንፌክሽን እየጨመረበት በሳምንታት ውስጥ ነው የሚደክመው። የእኔን ጥፋት ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ሆስፒታል 14 ትላልቅ የጉበት ቀዶ ሕክምናዎች ሠርተን «አንድም ሰው አልሞተብንም» ብዬ በስብሰባ ላይ በኩራት ተናገርኩ። ከወራት በኋላ ሰኞ ገበያ ላይ አንድ ገበሬ ትከሻዬን ያዘኝ፤ ወንድሙን ስላከምኩለት ደጋግሞ አመሰገነኝ፤ ደኅና ነው ወይ ስለው «ተዝካሩን ካወጣን ሰነበትን» አለኝ። ቀኑን ስናሰላው የሞተው በ41ኛው ቀን ነበር። የእኔ መዝገብ «ተሽሎት ወጣ» ይላል። የ30 ቀን ቆጠራም ቢሆን አይዘውም ነበር። ሰውየው የመጣው ሊያመሰግነኝ ነው እንጂ ሊከሰኝ አልነበረም፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ይኸው ነው።

ስለዚህ ታካሚው ሲገባ ሦስት ስልክ ይያዝ፦ የራሱ፣ አብሮት የማያድር የአንድ ዘመዱ፣ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ቆላ ወርዶ ኔትወርክ ቢጠፋም ቅሬው (የመንደሩ እድር) ማን እንደሞተ ያውቃል፤ የሚጠየቀው ግን «ሰውየው ደኅና ነው ወይ» ተብሎ ብቻ ነው፣ የበሽታው ስም ለማንም አይነገርም። ይህን ሁሉ ታካሚው ገና ሲገባ አስረድታችሁ አስፈቅዱት።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ 90 ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር ነው? ኮምፒዩተሩ በፈረንጅ ይጽፋል፣ ካርዱ በእኛ።

ሬዚደንቱ፦ የእኛ ይሻላል፤ ሦስት ወር ልክ 90 ቀን ነው። በፈረንጁ አንዱ ወር 31፣ አንዱ 28 ነው።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ጳጉሜንስ?

ሬዚደንቱ፦ ጳጉሜን የምትገባው በዓመት አንዴ ነው።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የተሠራለት ሰው ሁሉ ያገኛታል እኮ።

መልስ፦ ነሐሴ 10 የተሠራለት ሰው 90ኛ ቀኑ ኅዳር 5 ነው፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ኅዳር 4። አንዱን አቆጣጠር መርጣችሁ ጽኑበት፤ ክርክሩ አልቋል።

የኮምቦልቻው ሐኪም፦ የጉበት መድከምን በምን እንለየው? የደም መርጋትን የሚለካው የፕሮትሮምቢን ውጤት አንዳንዴ በሰከንድ፣ አንዳንዴ አይኤንአር በሚባለው ወጥ መለኪያ ይመጣልናል።

መልስ፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን አምስተኛውን ቀን አትዝለሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. ከፓሪስ ዳርቻ ከቦዦን ሆስፒታል የወጣው የ50-50 መስፈርት፣ በአምስተኛው ቀን ፕሮትሮምቢን ከ50 በመቶ በታች፣ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ደግሞ ከ50 ማይክሮሞል በላይ ከሆነ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ታካሚ እንደሚሞት አሳየ። የእኛ ማሽን በሚሊግራም ከሆነ የሚናገረው 3 ገደማ ብላችሁ ያዙት። በ2011 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የጉበት ቀዶ ሕክምና የጥናት ቡድን ያወጣው ትርጉምም በአምስተኛው ቀን ወይም ከዚያ በኋላ አይኤንአርና ቢሊሩቢን አብረው ከፍ ማለታቸውን ይጠይቃል። ሰከንዱን ብቻ የምትቀበሉ ከሆነ ከዚያው ላብራቶሪ የመደበኛውን ሰከንድ አብራችሁ ጻፉ፤ አለበለዚያ ከዓመት በኋላ ቁጥሩን ማንም አይረዳውም። ለሐሞት መፍሰስ ያው ቡድን የሰጠው መለኪያ በሦስተኛው ቀን ወይም ከዚያ በኋላ የድሬኑ ቢሊሩቢን ከደሙ ቢያንስ 3 እጥፍ መሆኑን ነው። የድሬኑን ፈሳሽ ቀለም አይቶ «ሐሞት ይመስላል» ብሎ መጻፍ መለኪያ አይባልም።

ጦሳ ሁለት፦ ሲሲአይ እንዴት ይሰላል?

መልስ፦ ማስያው በነፃ ይገኛል፤ ቀመሩን መሸምደድ አያስፈልግም። ዋናው ሐሳብ ችግርን በክብደቱ በሚመድበው በክላቪየን-ዲንዶ ደረጃ እያንዳንዱን ችግር መዝግቦ ከ0 እስከ 100 አንድ ነጥብ መስጠት ነው፤ 100 ሞት ነው። በአልትራሳውንድ እየታየ በአካባቢ ማደንዘዣ ፈሳሽ ከተቀዳለት 26.2፣ በሙሉ ሰመመን እንደገና ከተከፈተ 33.7። ልብ በሉ፣ አንዲት ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ብቻዋን የ33ቱን መስመር ታልፋለች። ደም መስጠት ያስፈለገበት ዓይነት ሁለተኛ ደረጃ ችግር አንዱ 20.9 ነው፤ ሁለቱ ግን 29.6 እንጂ 41.8 አይሆኑም፤ በጭንቅላት አትደምሩ።

እኅት ከአራዳ፦ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አባቴ ጉበቱ ላይ እብጠት አለ ተብሏል፤ ወረቀቱን ላስቀምጥልዎት?

መልስ፦ አብሽሪ ልጄ። ወረቀቱን እዚህ አታስቀምጪው፤ የሚያዩት ሐኪም ዘንድ ሪፈር ይጻፍላቸው። በዚህ መድረክ የግል ሕመም አልመልስም።

ሬዚደንቱ፦ በሮቦትና በላፓሮስኮፒ (በጠባብ ቀዳዳ በካሜራ) የሚሠራው ውጤቱ ይሻላል?

መልስ፦ የምንለካበት መዝገብ ሳይኖረን ስለ ሮቦት አናውራ።

የፒያሳው ልጅ፦ ጥያቄዬን አስተካክያለሁ። 14 ታካሚ፣ 90 ቀን፣ ሞት 0 ቢሆን ጥሩ ነው ወይ?

መልስ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። በእኔ ቁስል ላይ እንጨት መስደድዎም አላመለጠኝም። ከ14 ሰው ማንም አለመሞቱ ትክክለኛው የሞት መጠን 0 ነው አያሰኝም፤ እስከ 20 በመቶ ገደማ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሻካራው ስሌት 3ን ለታካሚው ቁጥር ማካፈል ነው፤ በ30 ታካሚ እስከ 10 በመቶ፣ በ300 ታካሚ እስከ 1 በመቶ። በዓመት ስድስት ሰባት የሚሠራ ቦታ በፐርሰንት አይኩራ፣ በፐርሰንትም አይፈር። እንዲህ ያለው ቦታ እያንዳንዱን ታካሚ ለብቻው ይመርምር፦ ችግሩ መቼ ጀመረ፣ ማን አየው፣ ከታየ በኋላ እርምጃው ስንት ሰዓት ፈጀ። ችግር የማይገጥመው ሆስፒታል የለም፤ ሆስፒታልን ከሆስፒታል የሚለየው ችግር ከገጠመው ሰው ስንቱን አተረፈ የሚለው ነው።

የኮምቦልቻው ሐኪም፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተባለና እዚያ የሞተ ታካሚ በማን ይቆጠራል?

መልስ፦ ቢላዋውን በያዘው። ሪፈር ማለት ከታሕት መሰረዝ አይደለም። ለሦስተኛ ጊዜ መናገሬ ነው፣ ታሕቱ ላይ እጃችሁን አታስገቡ።

ነርስ ከቀዶ ሕክምና ክፍል፦ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። በ90ኛው ቀን ደውለን ሦስቱም ስልክ ዝግ ቢሆን «በሕይወት አለ» ብለን እንመዝግብ?

መልስ፦ አይሆንም። «አልታወቀም» ተብሎ ይጻፍ፤ ከታሕቱም አይውጣ። በ91ኛው ቀን እንደገና ይደውሉ።