አዲሱ ማክ ሚኒ እስኪወጣ ሥራው ይጠብቅሻል?

"ጋሼ፣ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። አንድ ማስታወቂያ የሚሠራ ፕሮዳክሽን ቤት ለሦስት ወር በፍሪላንስ እንሞክርሽ ብሎኛል። ግን በራስሽ ኮምፒውተር ነው አሉኝ። የእኔ ላፕቶፕ 4ኬ ቪዲዮ ሲያይ ስታክ ያደርጋል። ለማክ ሚኒ የሚሆን ብር አጠራቅሜያለሁ፤ አዲሱ በቅርቡ ይወጣል ሲባል ስሰማ ግን እጄ አልዘረጋ አለኝ። ገዝቼ በወሩ አዲሱ ቢወጣስ? እስከዚያ መልስ ሳልሰጣቸው ልቆይ ወይ?"

እህቴ፣ ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ጠቅልለሽ ነው የላክሽልኝ። አንዱ ማክ ሚኒ የሚባለውን ትንሽ የጠረጴዛ ኮምፒውተር የሚሠራው የአፕል ጉዳይ ነው፤ ሌላው የአንቺ። ከአንቺው ልጀምር። መልስ ሳትሰጪ አትቆዪ። ፕሮዳክሽን ቤት ፍሪላንሰር ሲፈልግ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ አያወራም። አንቺ ዝም ስትይ "እያሰበችበት ይሆናል" ብሎ የሚጠብቅሽ የለም። "አልፈለገችም" ብለው ለሚቀጥለው ሰው ይደውላሉ። ምን ብለሽ እንደምትመልሺ ወደ ታች እጽፍልሻለሁ።

አሁን ወደ ወሬው እንሂድ። ወሬ ስል ንቄው አይደለም። "ይወጣል" የሚሉት ሰዎች ዝም ብለው አይደለም የሚያወሩት። ያለፉት ሞዴሎች የወጡበትን ቀን ይቆጥራሉ፤ በአማካይ በየስንት ጊዜው እንደሚታደስ ያሰላሉ። የቺፑን ተራ ያያሉ፤ አዲሱ ቺፕ ላፕቶፑ ላይ ከገባ ዴስክቶፑም ይከተላል ይላሉ። ሩሲያና ካዛክስታን ያሉበት የዩሬዥያ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ኢንክሪፕሽን ያለው ዕቃ ከመሸጡ በፊት እንዲመዘገብ ስለሚጠይቅ፣ የአፕል የሞዴል ቁጥሮች ከዕቃው ቀድመው እዚያ መዝገብ ላይ የታዩበት ጊዜ አለ። ኦንላይን ታዝዞ በሁለት ቀን ይደርስ የነበረ ዕቃ በድንገት ሦስት ሳምንት ሲል ደግሞ "ስቶክ እያጸዱ ነው" ይባላል።

ይሄ ሁሉ "እየመጣ ነው" ለማለት ይረዳል። "መቼ" የሚለው ላይ ግን ስንቱን ጉድ ሠርቶታል። የማክ ሚኒን ታሪክ ብቻ እንይ። ዓመታቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ።

ስቲቭ ጆብስ ጃንዋሪ 2005 ላይ በ499 ዶላር አስተዋወቀው። ከ2009 እስከ 2012 በየዓመቱ ታደሰ። እንግዲህ 2013 ላይ ቀን የሚቆጥር ሰው "ዘንድሮም አይቀርም" ቢል ማን ይፈርድበታል? አልመጣም። ኦክቶበር 2014 ላይ ሲመጣ ደግሞ ጠባቂዎቹን አናደዳቸው። የ2012ቱ ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር አማራጭ ነበረው፤ የ2014ቱ ሁለት ኮር ብቻ ሆነ። የ2012ቱን ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ የሚይዝበትን ሜሞሪ) ራስሽ ከፍተሽ ትቀይሪ ነበር፤ የ2014ቱ ቦርዱ ላይ ተበይዶ መጣ። ሁለት ዓመት የጠበቀው ሰው ዞሮ አሮጌውን መፈለግ ጀመረ። አዲስ ሁሉ የተሻለ ነው የሚለውን ነገር በዚህ መዝኚው።

ከዚያ ደግሞ አራት ዓመት ዝምታ። ኦክቶበር 2017 ላይ የዚያን ጊዜ የአፕል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቲም ኩክ ለጠየቀው አንድ ደንበኛ በኢሜይል ሲመልስ፣ ማክ ሚኒ ወደፊትም የምርቶቻችን አካል ይሆናል፤ ዝርዝሩን ግን አሁን አልናገርም አለው። ሰው ሁሉ "በቃ መጣ" አለ። የመጣው ከዓመት በኋላ ነው፣ ኦክቶበር 30፣ 2018። ያውም ዋጋው 799 ዶላር ገብቶ።

ኖቬምበር 2020 አፕል ራሱ የሠራው ቺፕ፣ ኤም 1፣ ያለበት መጣ። ጃንዋሪ 2023 ኤም 2 መጣ። ቀጥሎ ኤም 3 ነው ተብሎ ሲጠበቅ ማክ ሚኒ ኤም 3ን ዘለለው። ኦክቶበር 29፣ 2024 በኤም 4 ብቅ አለ፤ መዳፍ የሚያህል፣ በ599 ዶላር፣ መነሻ ራሙ 16 ጊጋ። እነዚህን ክፍተቶች ደምሪና አማካይ አውጪላቸው። አማካዩ ይወጣል፤ ምን ታደርጊበታለሽ ነው ጥያቄው።

ሚኒው እንኳ ደህና ነው። ባለ 27 ኢንች አይማክን፣ ስክሪኑና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ የሆነውን፣ የጠበቁትን አስቢ። አፕል ማርች 2022 ላይ አሮጌውን ከገበያ አነሣው። ጠባቂዎቹ አዲሱ ሊመጣ ነው ብለው ደስ አላቸው። ኖቬምበር 2023 ላይ ኩባንያው በራሱ ቺፕ የሚሠራ ባለ 27 ኢንች አይማክ የመሥራት ዕቅድ የለኝም አለ። ለባለሙያ የሚሠራው ትልቁ ዴስክቶፕ የማክ ፕሮም ነገር ከዚህ አይሻልም፤ ከ2013 እስከ 2019 ድረስ በሙያው እንጀራ የሚበሉ ሰዎች ዓይናቸው እስኪቀላ ጠብቀዋል።

ኩባንያው ቀኑን ለምን አይናገርም ካልሽ፣ ኦስቦርን የሚባል ኩባንያ ነበር። 1981 ላይ ኦስቦርን 1 የሚባል የሚንቀሳቀስ ኮምፒውተር በ1,795 ዶላር አውጥቶ ገበያው ደራለት። ቀጥሎ የሚመጣውን የተሻለ ሞዴል ቀድሞ ማውራት ጀመረ። በእጁ ያለው ዕቃ መሸጥ አቆመ ይባላል፤ 1983 ላይ ኪሳራ አወጀ። ለውድቀቱ ሌላም ምክንያት እንደነበረው የሚከራከሩ አሉ። ግን ታሪኩ በኮምፒውተር ነጋዴው ዓለም ሁሉ የሚታወቅ ማስፈራሪያ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ አፕል እስከ ማለዳው ድረስ አይነግርሽም። ለአንቺ ብሎ ደግሞ አይጀምርም።

አሁን የኛን አገር ነገር ልጨምርበት፤ ምክንያቱም የውጭዎቹ ተንታኞች ይሄን አያሰሉልሽም። አሜሪካ ያለ ሰው ሦስት ወር ቢጠብቅ 599 ዶላሩ 599 ዶላር ነው። አንቺ ግን የያዝሽው ብር ነው። ሐምሌ 22፣ 2016 በኛ አቆጣጠር የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 አለፈ። በባንክ ዋጋ ስታሰይው 34 ሺህ ብር የነበረው 599 ዶላር ወደ 66 ሺህ ሄደ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ኮምፒውተር ሻጮቹ ከዚያ በፊትም የሚያሰሉት በጥቁር ገበያው ዋጋ ስለነበር መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ እጥፍ አልሆነም። ግን ነጥቡ ይገባሻል። ያ ሰኔ ላይ "ኤም 4 እስኪወጣ ልታገሥ" ብሎ ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሰው የተሻለ ማሽን አገኘ፤ ብሩ ግን አብሮት አልጠበቀም።

ሌላም አለ። አፕል አዲስ አበባ ሱቅ የለውም። አዲሱ ሞዴል በወጣ ሳምንት አንቺ ጋ አይደርስም። ከዱባይ ወይ ከአሜሪካ በሰው ሻንጣ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የሚገቡት ጥቂቶቹ ደግሞ "አዲስ ነው" ተብሎ ይቆለልባቸዋል። "ወጣ" ከተባለበት ቀን ላይ ሁለት ሦስት ወር ደምሪበት።

እና መቼ ልግዛ? የአፕልን ካላንደር ዝጊውና የራስሽን ክፈቺ። አንቺ የሰርግ ኤዲተር ነሽ፤ ጥር ምን እንደሆነ ላንቺ አልነግርም። ከጥምቀት ማግስት እስከ ሁዳዴ መግቢያ ድረስ እጅሽ አይፈታም፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይደራል። የማስታወቂያ ቤቶች ደግሞ ነሐሴ ላይ ለዘመን መለወጫ ይሯሯጣሉ፤ ገናና ፋሲካ ሲቃረብም እንዲሁ። አዲስ ማሽን ሥራ በሚበዛበት ሳምንት አይገዛም። ሶፍትዌሩን መጫን፣ ፎንቱን ማስገባት፣ ፋይል ማዛወር ቢያንስ አንድ ሳምንት ይበላል። ስለዚህ ከቀጣዩ ግርግር አንድ ወር በፊት ማሽኑ ጠረጴዛሽ ላይ ይሁን። በዚያ ቀን ገበያው ላይ ያለው የቅርብ ሞዴል የአንቺ ነው። በወሩ አዲስ ቢወጣ ይውጣ፤ ያንቺው ከዚያ በኋላ 4ኬ መቁረጥ አይረሳም።

አንድ ነገር ብቻ እፈቅድልሻለሁ። አፕል በይፋ ቀን ቆርጦ ዝግጅት ከጠራ፣ ያም በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሆነ ታገሺ። አዲሱን ለመግዛት ሳይሆን የነባሩ ዋጋ ስለሚወርድ።

ስትገዢ ኢንቴል ቺፕ ያለበትን አሮጌ ማክ በርካሽ ቢያቀርቡልሽ እምቢ በይ። አፕል 2025 ላይ ያወጣው ታሆ የተባለው ሲስተም ኢንቴል ማኮችን የሚቀበል የመጨረሻው መሆኑን ራሱ ተናግሯል። ያገለገለ ከሆነ ከኤም 1 ወዲህ ያለውን እዪ። ራሙ በኋላ አይጨመርም፤ 16 ጊጋ ካልሆነ ለቪዲዮ አትንኪው። የውስጥ ሃርድ ዲስክ ለማሳደግ ግን ብር አታፍስሺ፤ አፕል ለዚያ የሚያስከፍለው አይቀመስም። የውጭ ኤስኤስዲ ገዝተሽ ፕሮጀክቶችሽን እዚያ ላይ ሥሪ። ማክ ሚኒ ያለ ስክሪን፣ ያለ ኪቦርድና ያለ ማውስ እንደሚመጣም አትርሺ፤ በጀትሽ ውስጥ አስገቢው።

መብራትስ? ላፕቶፕሽ መብራት ሲሄድ በባትሪው ያድንሻል። ሚኒው ባትሪ የለውም። ሬንደር (ያለቀውን ቪዲዮ ማውጣት) 90 ከመቶ ላይ ደርሶ ቤቱ ሲጨልም ምን እንደሚሰማ አንቺው ታውቂዋለሽ። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ያስፈልግሻል፤ ፋይሉን ሴቭ አድርገሽ በሰላም የምትዘጊበት አሥር ደቂቃ ከሰጠሽ ይበቃል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ማብሪያውን ፈልገሽ እንዳትጨነቂ፤ በ2024ቱ ሞዴል ላይ ከታች፣ ከኋላ ጥግ ነው ያደረጉት። ጠርዙን ብድግ አድርገሽ በጣትሽ ትዳስሺዋለሽ። ማን እንዳሰበው እሱ ይወቀው።

እስከዚያ በዚህ ላፕቶፕ አይሠራም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። ፕሮክሲ ተለማመጂ። 4ኬውን ቪዲዮ ሶፍትዌሩ ራሱ ወደ ትንሽ ኮፒ ይለውጥልሻል፤ በትንሹ ትቆርጫለሽ፤ መጨረሻ ላይ ሲወጣ ዋናውን ይተካልሻል። የኤዲቲንግ ሶፍትዌሮቹ ፕሪሚየርም ዳቪንቺ ሪዞልቭም ይሄን ያደርጋሉ፤ የዳቪንቺው ነፃ ቨርዥን አለ። ማታ ፕሮክሲውን እንዲሠራ ትተሽው ተኚ፤ ጠዋት ቁረጪ። የመጨረሻውን ኤክስፖርት ፕሮዳክሽን ቤቱ ማሽን ላይ ማውጣት ይቻላል። በነገራችን ላይ ቀጣሪ ሾው ሪልሽን (የሥራሽን ናሙና ቪዲዮ) ሲያይ በምን ማሽን እንደተቆረጠ አይጠይቅም። ፕሮክሲ ማወቅሽን ሲሰማ ግን ከትልቅ ፋይል ጋር መሥራት እንደምትችዪ ይገባዋል።

እንግዲህ ቃል የገባሁልሽ መልእክት ይኸው። እንደሚመችሽ አስተካክይው፤ ዛሬ ግን ላኪው፦

"ጤና ይስጥልኝ። ለሦስት ወሩ ሥራ ዝግጁ ነኝ። አሁን ባለኝ ማሽን በፕሮክሲ እየቆረጥኩ መጀመር እችላለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች የመጨረሻ ኤክስፖርት እናንተ ጋ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ብትነግሩኝ። አዲስ ማሽን በቅርቡ አስገባለሁ። የምትጠቀሙበትን ሶፍትዌርና ቨርዥኑን ብትልኩልኝ ከአሁኑ እዘጋጃለሁ።"

የመጨረሻዋን መስመር እንዳታወጫት። እነሱ በፕሪሚየር እየሠሩ አንቺ ለማክ ብቻ በሚሠራ ሶፍትዌር ብትዘጋጂ ፕሮጀክት ፋይል መቀባበል መከራ ነው። ምናልባት ሁሉም ዊንዶውስ ላይ ከሆኑ፣ ጓጉተሽ የጠበቅሽው ማክ ሚኒ ራሱ ላያስፈልግሽ ይችላል።

ስለ ክፍያ ሲያነሡ ደግሞ፣ "በራስሽ ኮምፒውተር" ያሉት እነሱ ናቸው። ካሜራ ይዞ የሚመጣ ሰው ለካሜራው ያስከፍላል፤ አንቺም የማሽንሽን ኪራይ ከጉልበትሽ ዋጋ ለይተሽ በተለየ መስመር አስቀምጪ። ቢከራከሩሽ ከኪራዩ ላይ ቀንሺላቸው፤ ከኤዲቲንጉ ዋጋ ላይ ግን አትቀንሺ፤ ከሦስት ወር በኋላ ስለ ቋሚ ደመወዝ ስትነጋገሩ መነሻ የሚያደርጉት እሱን ነው።