መርማሪ ነበርኩ፣ ጠይቁኝ

ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ድሮ ፖሊስ ውስጥ ምርመራ ላይ ነበርኩ አሁን ጠበቃ ነኝ፣ የልደታ ቀጠሮዬ ወደ ከሰአት ስለዞረ ጊዜ አለኝ። ስምና መዝገብ ብቻ አትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰው ሲዋሽ አይኑ ያስታውቃል ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ኧረ ተው! እኛ አገር ደሞ ትልቅ ሰው ፊት አይን መስበር አስተዳደግ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶች ባንድ ላይ ተደምረው ሲታዩ ሰው ውሸትን የሚለየው 54 በመቶ ያህል ነው፣ ሳንቲም ወርውረህ 50 ታገኛለህ። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ አስብ ነበር ሃሃ።

ጥያቄ፦ ታዲያ በምን ትይዙታላችሁ?

መልስ፦ በማስወራት ነዋ። "ሰርቀሃል አይደል" ካልከው አልሰረቅኩም ይልህና ይዘጋል። አንድ የመጋዘን ጥበቃ ነበር፣ "ማክሰኞ ከእንቅልፍህ ከተነሳህ ጀምሮ ንገረኝ" አልኩትና እስክሪቢቶዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ዝም አልኩ፣ ቁርሱን ተናገረ ፈረቃውን ተናገረ፣ ከዛ ዝምታው ሲከብደው "ቁልፉን እኮ ለእህቴ ልጅ ያዋስኩት ለአምስት ደቂቃ ነው" አለ። ስለ ቁልፍ የጠየቀው የለም! እንግሊዞች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ፒስ የሚሉትን፣ ከማስጨነቅ ይልቅ ሰውየውን ማስወራት ላይ ያተኮረ የፖሊስ አጠያየቅ ያመጡት እንዲህ አይነት ነገር ገብቷቸው ነው፣ በበርሚንግሃም የቦምብ ፍንዳታ የታሰሩት ስድስት ሰዎች ተደብድበን ነው ያመንነው ቢሉም ተፈርዶባቸው፣ 16 አመት ታስረው ነው በ1991 እ.ኤ.አ. ፍርዱ ተሰርዞ የተለቀቁት።

ጥያቄ፦ ካልተደበደበ ያላደረገውን አደረግኩ የሚል አለ እንዴ?

መልስ፦ ሞልቷል። ኒውዮርክ በ1989 እ.ኤ.አ. ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ስትሮጥ የነበረች ሴት ተደፍራ የተያዙት ልጆች ካሜራ ፊት ሳይቀር አደረግን ብለው ተናግረዋል፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ዲኤንኤው የሌላ ሰው ሆኖ ፍርዱ ተሰረዘ። ሰው ሲደክመው "ልፈርምና ልገላገል፣ እውነቱ ኋላ ይወጣል" ይላል። ደሞ መርማሪው ሳያውቀው መልሱን ያቀብለዋል፣ "ቀዩን ቦርሳ የት ጣልከው" ስትለው ቦርሳው ቀይ መሆኑን ነገርከው፣ ነገ እሱኑ ሲደግምልህ "ካላደረገ በምን አወቀ" ትላለህ። የድሮው አውጫጭኝም ያው ነው፣ አገሬውን ሜዳ አስቀምጠህ ሌባውን ካላወጣችሁ ቤት የለም ስትል የሚወጣው ስም የሌባው ይሁን የረሀቡ በምን ይታወቃል።

ጥያቄ፦ እኔን ቢይዙኝስ?

መልስ፦ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 19 ዝም የማለት መብት ይሰጥሻል እህቴ፣ የመንገዱ ሳይቆጠር በ48 ሰአት ፍርድ ቤት ያቀርቡሻል፣ ተገደሽ የሰጠሽው ቃልም ማስረጃ አይሆንም። የተከሳሽነት ቃልሽን ግን ሳታነቢ እንዳትፈርሚ፣ ከፊርማሽ በላይ ባዶ መስመር ካለ አስምሪበት።