ከፓሪስ ወደ ሳን-ዠርማን-አን-ሌ በየትኛው ባቡር?

ሳን-ዠርማን-አን-ሌን ለማየት ከእናቴ ጋር ግማሽ ቀን ይበቃናል ወይ ላልሽው፦ ይበቃችኋል። ከሻትሌ ጣቢያ አር.ኢ.አር «ኤ» የሚባለውን የፓሪስና የዙሪያዋ ባቡር ያዙና መጨረሻው ላይ ውረዱ፤ መቀየር የለም። ከጣቢያው ስትወጡ ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ነው፤ ሙዚየሙም እዚያው ውስጥ ነው።

እናትሽ ብዙ መቆም ከከበዳቸው ሙዚየሙን ተዪውና በአትክልቱ በኩል ወደ ቴራሱ፣ ማለትም ወደ ረጅሙ የመመልከቻ ሰገነት ውሰጃቸው። የአትክልት ሥፍራ ነዳፊው «ለ ኖትር» በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነደፈው ነው፤ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ መንገዱ ሜዳ ነው። የሴን ወንዝ ከታች፣ ፓሪስ ከሩቅ ይታያሉ። እኔ ሳን-ዠርማንን የወደድኳት እዚያ ቆሜ ነው። ሙዚየሙን ካሰባችሁ ደግሞ ማክሰኞ ዝግ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ መስመሩ ከናንቴር-ፕሬፌክቱር ጣቢያ በኋላ ወደ ተለያዩ ቅርንጫፎች ይለያያል። እኔ የመጣውን ተሳፍሬ በሌላው ቅርንጫፍ ፑዋሲ የምትባል ከተማ ደርሻለሁ። ሰሌዳው ላይ የሳን-ዠርማን-አን-ሌን ስም ሳታዪ አትግቢ፤ ከተሳሳታችሁም ናንቴር-ፕሬፌክቱር ወርዳችሁ ትክክለኛውን ጠብቁ።