መልስ፦ ቤት ሳላስይዝ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ማግኘት እችላለሁ?

ወንድሜ፣ መንግሥት በነጻ ገንዘብ ይሰጣል የሚለውን ወሬ እርሳው። ለአንተ ሥራ የሚሆነው በኪራይ ግዥ የሚሰጠው ማሽን ነው። ዋጋውን ከፍለህ እስክትጨርስ ማሽኑ የአበዳሪው ንብረት ስለሆነ ዋናው ማስያዣ ራሱ ነው፤ ከአንተ በተለምዶ የዋጋው 20 በመቶ ይጠበቃል። አዲስ ካፒታል ዕቃ ፋይናንስ የሚባለው ድርጅት በዚህ መንገድ ይሠራል። ልማት ባንክም አለው፤ የእሱ ግን ከፍ ላሉ ድርጅቶች ነው። ተንቀሳቃሽ ንብረት አስይዞ መበደርም በአዋጅ 1147/2011 ተፈቅዷል፤ ለዛሬው ጉዳይህ ግን ሩቅ መንገድ ነው።

መጀመሪያ ወረዳህ ወዳለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሂድና ተመዝገብ። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ፕሮፎርማ (ሻጩ የሚሰጥህ የማሽኑ ዋጋ ማቅረቢያ) ይዘህ ካልቀረብክ ነገ ና እያሉ ያመላልሱሃል።

አሁን ዋናው ነገር፦ ከፕሮፎርማው በፊት መብራቱን አጣራ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለህ የኪራይ ቤት ቆጣሪ ባለ አንድ ፌዝ ከሆነ ባለ ሦስት ፌዙን መሰንጠቂያ አያነሳውም። ማሽኑ በላስቲክ ተሸፍኖ ቆሞ፣ ወርሃዊ ክፍያው ግን የሚቆጥርበት ሰው ሰፈራችን ውስጥ አለ። ለጣውላና ለሙጫ መግዣም ለብቻው ገንዘብ ያዝ፤ የማሽኑ ብድር ይህን አይሸፍንም። ሼድ (መንግሥት የሚያከራየው የመሥሪያ ቦታ) የምትጠይቅ ከሆነ ደግሞ ማመልከቻህን ዛሬውኑ አስገባ፣ ወረፋው ረጅም ነው።