የአያቴን የመቃብር ድንጋይ ለማደስ ማንን ላስፈቅድ?

ጥያቄ፦ የአያቴ የመቃብር ድንጋይ ወደ ጎን አዘንብሏል። ጽሑፉንም የድንጋይ ሽበት ሸፍኖታል። አጠገቡ ያሉት ሦስት መቃብሮች ደግሞ ጠያቂ ያላቸው አይመስሉም። አራቱንም በራሴ ወጪ ላድስ ብዬ ባልዲና ብሩሽ ይዤ ብሄድ ጥበቃው «ፈቃድ አምጣ» ብሎ መለሰኝ። ለገዛ አያቴ መቃብር ፈቃድ የምጠይቀው ማንን ነው?

መልስ፦ በጥበቃው አይከፉበት። እኔም የመቃብር ድንጋይ ማደስ ስጀምር እንዲህ ያለ ሰው ቢገጥመኝ ኖሮ ደስ ባለኝ።

መቃብር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ባለቤት አለው። መሬቱ በመካነ መቃብሩ አስተዳደር እጅ ነው፤ አስተዳደሩ ማዘጋጃ ቤት፣ የእምነት ተቋም ወይም ማኅበር ሊሆን ይችላል። ድንጋዩ ደግሞ ያቆመው ቤተሰብና የወራሾቹ ነው። ስለዚህ የሁለቱም ወገን ፈቃድ ያስፈልግዎታል። አክስትና አጎት፣ የአክስትና የአጎት ልጆች ካሉ አስቀድመው ያነጋግሯቸውና አንድ ወረቀት ላይ ይፈርሙልዎት። ሥራው ከተጀመረ በኋላ «ማን ንካ አለህ?» የሚል ዘመድ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። ቦታው በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ ሦስተኛ ፈቃድ ይጨመራል፤ ያለዚያ ማጽዳት እንኳ ሊያስጠይቅ ይችላል። ይህን መጀመሪያ ይጠይቁ።

ለአስተዳደሩ በሚያስገቡት ማመልከቻ ላይ «ላድስ» ብለው ብቻ አይጻፉ። ማደስ ሰፊ ቃል ነው፤ ፈራሚውን ያስፈራዋል። ማጽዳት፣ ማቃናት፣ መጠገን ብለው ለያይተው፣ እያንዳንዱን በምን እንደሚሠሩት ይግለጹ። ማጽዳቱ በንጹህ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ፣ ከታች ወደ ላይ። በረኪና፣ የሽቦ ብሩሽና በኃይል ውሃ የሚረጭ ማሽን እንደማይጠቀሙም ያስገቡበት። የተሰነጠቀውን በኖራ ጭቃ እንጂ በሲሚንቶ እንደማያስጠግኑት ይጻፉ፤ ሲሚንቶ ከአሮጌ ድንጋይ ይልቅ ይጠነክራል፣ ውሃም ያፍናል፣ በመጨረሻ የሚሰነጠቀው ድንጋዩ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ስለተቃጠልኩበት ነው። ሥራውን ስጀምር አንድ ቤተሰብ የልጃቸውን መቃብር እንዳጸዳ ለመነኝ። አስተዳዳሪውም በቃል «ቀጥል» አለኝ። በምን እንደማጸዳ የጠየቀኝ የለም። እብነ በረዱ ላይ አሲድ አፈሰስኩበት። ነጭ አረፋ ሲያወጣ ቆሻሻው እየለቀቀ መስሎኝ ነበር። የሚሟሟው ግን ራሱ ድንጋዩ ነው። ሳጥበው የልጁ ስም የመጨረሻ ሁለት ፊደላት በጣት እንኳ አይዳሰሱም። እናትየው ጣቷን ስትመላልስበት አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በጽሑፍ ያልተፈቀደልኝን ድንጋይ ነክቼ አላውቅም።

ማቃናቱን ግን ለባለሙያ ይተዉት። ቁመቱ 1 ሜትር፣ ስፋቱ 60፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲሜትር የሆነ እብነ በረድ 240 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አስተዳደሩም «ሰው ላይ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል?» ማለቱ አይቀርም። መልሱን ማመልከቻው ውስጥ ያግኘው።

ስለ ሦስቱ ጎረቤቶች፦ ሐሳብዎ ደግ ነው፤ ጠያቂ አለመታየቱ ግን ወራሽ የለም ማለት አይደለም። አስተዳደሩ የቀብር መዝገቡን አይቶ ቤተሰብ እንዲፈልግ፣ ካላገኘም ማስታወቂያ እንዲለጥፍ በጽሑፍ ይጠይቁ። እስከዚያ የአያትዎን ይያዙ።

ፈቃዱን እየጠበቁ አንድ ነገር መሥራት ይችላሉ። ለጥበቃው ነግረው ትልቅ መስታወት ይዘው ይግቡ። አንድ ሰው ከጎን ይቁምና የፀሐይን ብርሃን በድንጋዩ ፊት ላይ አግድም ይላክበት። ከሽበቱ ሥር የተሸሸጉት ፊደላት ጥላ ይሠራሉ፤ ያልታየው ስምና ዓመት ብቅ ሊል ይችላል። ያኔ ፎቶ ያንሱት፤ ድንጋዩንም ከአራቱም ጎን አንስተው ፎቶዎቹን ሁሉ ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ።